ከየመን የመጣው እጨጌ

ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ የሚቆም ሰው የለም። ከጊዮርጊስ የሚወርደው ወደ መርካቶ ይቸኩላል፤ ከመርካቶ የሚመለሰው የገዛውን ተሸክሞ ወደ ፒያሳ ይቸኩላል። እኛ ግን አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቆምን። ያቆመን መጽሐፍ ሻጭ ነው። ከድልድዩ አለፍ ብሎ ማዳበሪያ አንጥፎ አሮጌ መጻሕፍት ዘርግቷል፤ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ፣ ሽፋኑ የሄደ ልብ ወለድ፣ የመንጃ ፈቃድ ጥያቄና መልስ። የአማርኛው ቁርዓንና መዝሙረ ዳዊቱ ግን ማዳበሪያው ላይ አልነበሩም። ሁለቱንም ከመሬት ከፍ አድርጎ ካርቶን ላይ አስቀምጧቸዋል። "እነሱ መሬት አይቀመጡም" አለን። የየትኛው እምነት ተከታይ እንደሆነ አልጠየቅነውም።

ከመካከላችን አንዱ ሁለቱንም በየተራ አንስቶ ገለጥ ገለጥ አደረገና መለሳቸው። ይህ ወዳጃችን ከጥቂት ዓመታት በፊት ሃይማኖቱን ቀይሯል። ከየት ወደ የት እንደሄደ አንጽፍም። ብንጽፍ ከዚህ በታች ያለውን በሙሉ በዚያው መነጽር ነው የምታነቡት። የምንነግራችሁ የደረሰበትን ብቻ ነው። የቀየረ ሰሞን የድሮ ጓደኞቹ አብረውት ቡና መጠጣት ተዉ። አዲሶቹ ደግሞ በየሳምንቱ ማይክ እየሰጡ "ከምን እንደወጣህ ተናገር" ይሉት ጀመር። አንድ ቀን ከእኛ ጋር ቁጭ ብሎ፣ "ስለ በፊቱ ክፉ ክፉውን ካልተናገርኩ ያላመንኩ ይመስላቸዋል" አለን። ያን ቀን ነው ከታሪክ ውስጥ አንድ ጓደኛ ልንፈልግለት የተነሳነው። ብዙም ሩቅ ሳንሄድ አገኘንለት፤ እንባቆም ይባላል። (ዓመታቱ ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንባቆም መጀመሪያ አቡል ፈትህ ይባል ነበር። የየመን ሰው ነው፤ ሙስሊም። የተወለደው በ1470 ገደማ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በዐፄ እስክንድር ዘመነ መንግሥት ማብቂያ አካባቢ፣ ማለትም ከ1494 በፊት ባሉት ዓመታት ነው። በዚያ ዘመን ከየመን ወደዚህ መምጣት እንግዳ ነገር አልነበረም። ከኤደን ወደ ዘይላ፣ ከዘይላ ወደ ደጋው የሚወጣው መንገድ ነጋዴ የሚመላለስበት ነው፤ ጨርቅና ቅመም ይገባበታል፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ባሪያ ይወጣበታል። የክርስቲያኑ ንጉሥ ሳይቀር ከባሕር ማዶ ዕቃ የሚያስመጣው በሙስሊም ነጋዴዎች እጅ ነበር። እንግዲህ በአንድ ገበያ የሚገናኙ፣ በአንድ መንገድ የሚጓዙ፣ ነገር ግን ማዕድ የማይቀላቀሉ ሰዎች አገር ነው የመጣባት። መርካቶ ያደጋችሁ ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያስፈልጋችሁም።

ገድሉ እንደሚተርከው አቡል ፈትህ እዚህ እንደደረሰ ወዲያው አልተጠመቀም። ሲያመነታ፣ ሲጠይቅና ሲከራከር ዓመታት አለፉ። ክርክሩን በትዕግሥት የሰማው የደብረ ሊባኖስ ገዳም አበ ምኔት የነበረው አባ ጴጥሮስ ነው። በመጨረሻ ተጠመቀ፤ በነቢዩ ስም እንባቆም ተባለ፤ እዚያው መነኮሰ። ይህን ማመንታት ልብ በሉት። በዚያው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ኋላ ላይ በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው በአንድ ጀምበር ሃይማኖቱን ይቀይራል፤ ጦር እየመጣበት። አቡል ፈትህን ግን ያቻኮለው አልነበረም።

ቋንቋ ይወድ ነበር። ገድሉ ዕብራይስጡንም ሱርስቱንም ቅብጡንም አርመንኛውንም ይቆጥርለታል። ገድል እንደ ገድል ነው፣ ለጻድቁ አይሰስትም። ዐረብኛውንና ግዕዙን ግን የሚመሰክሩለት የተረጎማቸው መጻሕፍት ናቸው። በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣውና ስድስት ዓመት ያህል እዚህ የቆየው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ስላያቸው ሰዎች ሲጽፍ፣ ቀድሞ ሙስሊም የነበረና የደብረ ሊባኖስ አለቃ የሆነ አንድ ሰው ያነሳል። ይህ ሰው ለፖርቱጋሎቹ ወዳጅ ሆኖ የላቲን ጸሎቶቻቸውን ለመማር ይጥር እንደነበር ይናገራል። ሃምሳ ዓመት የሞላው መነኩሴ ደብተር ይዞ ከእንግዳ ቄስ አዲስ ፊደል ሲማር ይታያችሁ። እኛ የተጀመረ የፈረንሳይኛ ኮርስ ሁለተኛውን ወር አላደረስንም።

በ1523 እንባቆም ዮሐንስ አፈወርቅ በዕብራውያን መልእክት ላይ የጻፈውን ትርጓሜ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። የግዕዝ ሥነ ጽሑፍ ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ትልቁ በሩ ዐረብኛ ነበር። የግብፅ ክርስቲያኖች በቅብጥ መጻፋቸውን እየተዉ ወደ ዐረብኛ ሲዞሩ፣ ከእስክንድርያ የሚመጣው መጽሐፍ ሁሉ በዐረብኛ ይመጣ ጀመር። ስለዚህ በደብረ ሊባኖስ ዐረብኛ አፉን የፈታበት ሰው ማግኘት ማለት በር ከፋች ማግኘት ነው። አቡል ፈትህ በልጅነቱ ቁርዓን የቀራበት ቋንቋ እንባቆምን ለቤተ ክርስቲያን ተርጓሚ አደረገው። የቀድሞውን ሰው ገድሎ አይደለም አዲሱ የተወለደው፤ ቢገድለው ኖሮ መጽሐፉን ማን ይተረጉመው ነበር?

በ1520ዎቹ አጋማሽ እጨጌ ሆነ። የዚህን ክብደት ለማወቅ የያኔውን አሠራር ማስታወስ ነው። ጳጳሱ ከግብፅ ይላካል፤ ግብፃዊ ነው። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ትልቁ ወንበር፣ የመነኮሳቱ ሁሉ አለቅነት፣ የደብረ ሊባኖስ አበ ምኔት የሚይዘው የአገሬው ሰው ወንበር ነው። በአቡነ ተክለ ሃይማኖት ወንበር 11ኛ ሆኖ የተቀመጠው እንግዲህ ይህ የየመን ሰው ነው። ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ አለቃ ሲሾም "የየት አገር ልጅ ነው?" ብለን የምንጠይቅ ሰዎች፣ ያኔ የተጠየቀውን መገመት አያቅተንም።

ወንበሩ ብዙ አላቆየውም። ለዐፄ ልብነ ድንግል ታማኝ አይደለም ተብሎ ተከሰሰ፤ ተፈረደበት፤ ተጋዘ። በኋላ ምሕረት ተደርጎለት ወደ ወረብ ሄዶ ተቀመጠ። ክሱ እውነት ይሁን ሐሰት ሌላ ነገር ነው። የተከሰሰበትን ቃል ግን ተመልከቱት፤ "ታማኝ አይደለም።" ከውጭ የመጣን ሰው ለመክሰስ ከዚህ የቀለለ ቃል የለም። ሠላሳ ዓመት ቢጾሙ፣ ሠላሳ ዓመት ቢሰግዱ፣ አንድ ቀን የተቆጣ ሰው ያንኑ ቃል ያወጣዋል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። አንዳንዱ "ግራኝ" ይለዋል፣ ሌላው "ኢማም አህመድ"፤ ከየት በኩል እንደሆናችሁ በአጠራራችሁ ይታወቃል። እኛ እንደ ማዕረጉ ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም እንለዋለን። በመጋቢት 1529 ሽምብራ ኩሬ ላይ የልብነ ድንግልን ጦር ሰበረ፤ በሐምሌ 1531 ደብረ ሊባኖስ ተቃጠለ። ስለ ቃጠሎው የምናውቀው ከተሸናፊው ወገን ለቅሶ ብቻ አይደለም። የኢማሙን ዘመቻ የጻፈው ዐረብ ፈቂህ በ"ፉቱሕ አል ሐበሻ" ላይ፣ ገዳሙ ሲነድ መነኮሳቱ ራሳቸውን ወደ እሳቱ ይወረውሩ እንደነበር ራሱ መዝግቦታል። በኢማሙ ሠራዊት ውስጥ ከየመን በኩል የተሻገሩ ዐረቦችም ነበሩ። የእንባቆም የወንዙ ልጆች የእንባቆምን ገዳም አቃጠሉ ማለት ነው።

እንባቆም ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጋፋት ሸሸ። ልብነ ድንግልም ከአምባ ወደ አምባ ሲሸሽ ኖሮ በመስከረም 1540 ደብረ ዳሞ ላይ ሞተ። በዚሁ ዓመት አካባቢ ነው እንባቆም ብዕር አንስቶ ለኢማም አህመድ የጻፈው። ጽሑፉ "አንቀጸ አሚን" ይባላል፤ የእምነት በር ማለት ነው።

እስቲ ይህን ነገር ረጋ ብለን እንየው። ገዳምህ ተቃጥሏል፤ ወንድሞችህ ተገድለዋል፤ ንጉሥህ ጫካ ለጫካ ይንከራተታል። አንተ ደግሞ በአገሩ ሰው ዘንድ እስከ ዛሬ "ያ ዐረብ" ነህ። በዚህ ሰዓት ከአንተ የሚጠበቀው ምንድን ነው? የድሮ ወገንህን ከሁሉ አብልጠህ መራገም። ታማኝነትህን የምታስመሰክርበት ጊዜ አሁን ነው። እንባቆም ግን ከእርግማን ይልቅ ክርክር መረጠ፤ ክርክሩንም ከክርስቲያኑ መጽሐፍ ብቻ አልጀመረም። ከቁርዓን ጠቀሰ። ሱራዎቹን በዐረብኛ ስማቸው እየጠራ፣ ስለ ዒሳና ስለ መርየም የሚናገሩትን አንቀጾች ወደ ግዕዝ እየመለሰ፣ "የምታምንበት መጽሐፍ እኮ ይህን ይላል" አለው። ልመናው ግልጽ ነው፤ አብያተ ክርስቲያናትን አታቃጥል፣ መነኮሳትን አትግደል። ብዙ ጥቅሶቹ መጽሐፉ በእጁ ሳይኖር በቃሉ የጻፋቸው ይመስላሉ። ልጅ ሆኖ የተማረውን፣ ከግማሽ ክፍለ ዘመን በኋላ፣ ጋፋት በረሃ ውስጥ።

አንድ ነገር ግን መሸፋፈን የለብንም። "አንቀጸ አሚን" ልመና ብቻ አይደለም፤ የክርክር መጽሐፍ ነው። እንባቆም የክርስትናን እውነትነት ከቁርዓን ውስጥ ሊያወጣ ይሞክራል፤ ወንጌል በብዙ ሕዝብ ቋንቋና ፊደል መጻፉን፣ ቁርዓን ግን በዐረብኛ መሆኑን እንደ ማስረጃ ያቀርባል። አንድ የመርካቶ ደረሳ ይህን ቢያነብ እዚያው ላይ መልስ ይሰጠዋል። ቁርዓን ሥላሴን በግልጽ የሚቃወምባቸው አንቀጾች አሉት፤ 4፡171ን ማየት ይበቃል። እንባቆም ይህን አያውቅም ማለት አይቻልም። ለክርክሩ የሚጠቅመውን መርጦ ጠቅሷል፤ የማይጠቅመውን ትቷል። ተከራካሪ ሁሉ የሚያደርገውን አድርጓል። ስለዚህ መጽሐፉን "ማን አሸነፈ?" ብለን ብናነበው የትም አያደርሰንም።

እኛን የገረመን ሌላ ነው። ክርክሩ ባላንጣውን እንደ ሰው ቆጥሮታል። መጽሐፍ እንደሚያነብ፣ መጽሐፉን እንደሚፈራ፣ ከመጽሐፉ ቢነገረው ሊሰማ እንደሚችል ሰው። ለአውሬ ደብዳቤ አይጻፍለትም። ከአሥራ አምስት፣ ሃያ ዓመት በፊት በዚህ በድልድዩ ዙሪያና በመርካቶ በየካሴት ቤቱ "እገሌ እገሌን ረታው" የሚል ሲዲ ሲሸጥ የምታስታውሱ አላችሁ። ዛሬ ያው ነገር ስልካችን ላይ ነው። አብዛኛው ለተቃራኒው ወገን የተነገረ ይመስላል እንጂ ተናጋሪው የሚያየው የራሱን ጭብጨባ ነው። እንባቆም የጻፈው ግን እዚያ ማዶ ላለው ሰው ነው፤ በዚያ ሰው እጅ ደግሞ ሰይፍ አለ።

ይህ አገር እንዲህ ያለ ነገር ያየው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አይደለም። የእስልምና ታሪክ እንደሚለው በ615 ገደማ ከመካ ስደት የሸሹት የነቢዩ ተከታዮች እዚህ ሲደርሱ፣ ጃዕፈር በክርስቲያኑ ንጉሥ ፊት ቆሞ ሱረቱ መርየምን ቀራ፤ ንጉሡም አለቀሰ፣ ስደተኞቹንም አሳልፎ አልሰጠም። ከ925 ዓመት በኋላ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። አሁን ሸሺው ክርስቲያኑ ነው፤ ባለ ሥልጣኑ ሙስሊሙ ነው፤ ስለ መርየም የሚናገረውን የቁርዓን ቃል የሚያስታውሰው መነኩሴው ነው። ከመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ጋር የመጣው ዑበይዱላህ ኢብን ጀሕሽ እዚሁ ክርስቲያን ሆኖ መሞቱን ኢብን ኢስሐቅ ዘግቧል። ንጉሡ ነጃሺ ደግሞ በእስልምናው ትውፊት እስልምናን ተቀብሏል፤ ሲሞት ነቢዩ በሌለበት ሰግደውበታል። ሁለቱም አቅጣጫ፣ በአንድ ትውልድ፣ በአንድ ቤተ መንግሥት። "እኛ አገር ሰው ሃይማኖቱን አይቀይርም ነበር" የሚሏችሁን ሽማግሌዎች በአክብሮት ይህን አስታውሷቸው።

ደብዳቤው ጦርነቱን አላቆመም። ጦርነቱን ያቆመው ጥይት ነው። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ፣ ኢማም አህመድ ከፖርቱጋል ጠመንጃ በወጣ ጥይት ሞተ፤ ሠራዊቱም ተበተነ። የሚያሳዝነው በእነዚያ አሥራ አራት ዓመታት ስንቱ ሕዝብ ነፍሱን ለማዳን ሰልሞ እንደነበር ነው። አሁን ደግሞ ነፋሱ ዞረና ያው ሕዝብ ተመልሶ ክርስቲያን ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ለእነዚህ ተመላሾች "መጽሐፈ ቄድር" የተባለ የንስሐና የመንጻት ሥርዓት ትጠቀም ነበር። አስቡት፤ ወረፋ ይዞ የሚጠመቅ ሕዝብና ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል ማንም ሳያስገድደው የተሻገረ አንድ ሽማግሌ የየመን ሰው።

አዲሱ ንጉሥ ገላውዴዎስ (1540–1559) እንባቆምን አክብሮ መካሪው አደረገው። አባቱ ያጋዘውን ሰው ልጁ አጠገቡ አስቀመጠው። በ1553 እንባቆም ለገላውዴዎስ አንድ ሌላ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሰ፤ "በራላም ወይዋስፍ" ይባላል። ከሥራዎቹ ሁሉ እኛ የምንወደው ይህን ነው፤ ምክንያቱን እንንገራችሁ።

ታሪኩ እንዲህ ነው። በህንድ አገር አንድ ንጉሥ ልጅ ይወልዳል። ልጁ የዓለምን መከራ እንዳያይ በተዋበ ግቢ ውስጥ ዘግቶ ያሳድገዋል፤ በሽታ፣ እርጅና፣ ሞት የሚባል ነገር እንዳይሰማ። ልጁ አድጎ አንድ ቀን ሲወጣ ግን በሽተኛ ያያል፤ ሽማግሌ ያያል፤ "እኔም እንዲህ እሆናለሁ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ በራላም የሚባል ባሕታዊ የከበረ ድንጋይ ነጋዴ መስሎ ይገባና ያስተምረዋል፤ ልዑሉም ዙፋኑን ትቶ ይመንናል። ከምሳሌዎቹ አንዱ ሰው አይረሳውም። አንድ ሰው ከአውሬ ሲሸሽ ገደል ውስጥ ይወድቅና የዛፍ ቅርንጫፍ ይዞ ይንጠለጠላል። ከሥሩ ዘንዶ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል። የዛፉን ሥር አንድ ነጭና አንድ ጥቁር አይጥ በየተራ ይቆረጥሙታል፤ ቀንና ሌሊት ናቸው። ሰውየው ይህን ሁሉ አይቶ ሳለ ከቅርንጫፉ ጠብ የምትል ማር ያያል፤ ምላሱን ዘርግቶ ይልሳል፤ ሌላውን ሁሉ ይረሳል።

ይህ ልዑል ማን እንደሆነ ገምታችሁ ይሆናል። ቡዳ ነው! የቡዳ ሕይወት ታሪክ ከህንድ ወጥቶ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ዐረብኛ ገባ። "ቦዲሳትቫ" የሚለው መጠሪያ በዐረብኛ "ቡዳሳፍ" ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት "ባ" አንድ ነጥብ፣ "ያ" ሁለት ነጥብ ናቸው፤ አንድ ጸሐፊ ነጥብ ሲያሳስት "ዩዳሳፍ" ተባለ። ከዐረብኛ ወደ ጆርጂያ ቋንቋ ሄዶ ክርስቲያን ሆነ፤ ከዚያ ወደ ግሪክ፣ ወደ ላቲን። የሮማ ቤተ ክርስቲያን ጆሳፋት ብላ ኅዳር 27 ቀን ከቅዱሳን ጋር ቆጠረችው። ከግሪክ ደግሞ ተመልሶ በክርስቲያኖች ዐረብኛ ተጻፈ፤ እሱን ነው እንባቆም በግዕዝ ያመጣው። በሙስሊሞችም ዘንድ ታሪኩ በሰፊው ይነበብ ነበር፤ በ991 የሞተው ሺዓዊው ምሁር ኢብን ባበወይህ በመጽሐፉ ውስጥ አካቶታል። አቡል ፈትህ በልጅነቱ የመን ውስጥ ሰምቶት ቢሆን አይደንቅም። እንግዲህ የየመን ተወላጅ፣ የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ፣ የህንዱን ቡዳ ለሐበሻው ንጉሥ በግዕዝ ሲያነብለት አስቡ። እንባቆም የቡዳን ስም ሰምቶ አያውቅ ይሆናል። ሃይማኖት የቀየረው ግን ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ ተረትም እንደሚቀይር፣ ሲቀይርም አይጦቹንና ማሩን ይዞ እንደሚሻገር በእጁ አሳይቷል።

እንባቆም ገላውዴዎስንም ቀበረ። ንጉሡ በ1559 ከሐረሩ አሚር ኑር ጋር ሲዋጋ ሞተ። እሱ ግን እስከ 1565 ገደማ ኖረ፤ ዕድሜው ከዘጠና ያላነሰ ነው። ገድሉን ጣሊያናዊው ላንፍራንኮ ሪቺ፣ "አንቀጸ አሚን"ን ደግሞ ሆላንዳዊው ኤሜሪ ቫን ዶንዜል በ1969 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትመዋቸዋል። ፈረንጅ ያተመውን እኛ ፎቶ ኮፒ ስንለምን መኖራችን የተለመደ ነው።

ከእሱ በኋላ የመጡትን ሁሉ አንዘረዝርም። ሁለቱን ግን ማነጻጸር ደግ ነው። በ1878 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፣ በኋላም ንጉሥ ሆኑ። ሸይኽ ጦልሐን የመሰሉ ዑለማ እምቢ ብለው ተነሡ፤ ስንቱ ተሰደደ። የቀረው ብዙ ሰው "ቀን ክርስቲያን፣ ሌሊት ሙስሊም" ሆኖ ከረመ ይባላል። በዐዋጅ የመጣ ጥምቀት የሚያፈራው ይህንኑ ነው። በአንጻሩ ሸይኽ ዘካርያስ አሉ። በ1845 ገደማ የተወለዱ የቁርዓን አስተማሪ ነበሩ። ከ1892 ጀምሮ ራእይ አየሁ ብለው ማስተማር ጀመሩ፤ ማስረጃቸው ግን ቁርዓኑ ራሱ ነበር፤ ከዑለማው ጋር የተከራከሩትም በእሱ ነው። በ1910 ደብረ ታቦር ላይ ተጠምቀው ነዋየ ክርስቶስ ተባሉ፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ተከተላቸው፤ በ1920 ሞቱ። ከእንባቆም በ370 ዓመት ቢርቁም መንገዳቸው የእሱን ይመስላል።

ድልድዩ የተሰየመላቸው ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴም ቢሆኑ ተሻጋሪ ናቸው። ከጨቦ በልጅነት በምርኮ መጥተው በምኒልክ ቤት አደጉ፤ አባ መላ ተባሉ፤ በ1907 የጦር ሚኒስትር ሆኑ። እሳቸው መርጠው አልተሻገሩም፤ ተሻግረው ግን አገር አስተዳደሩ። (ድልድይ ስለሆነ ምሳሌ እያደረጋችሁት ነው የምትሉን አላችሁ። ስሙን ያወጣነው እኛ አይደለንም።)

የመጽሐፍ ሻጩ ካርቶን ላይ ወደነበረው የአማርኛ ቁርዓን እንመለስ። እንባቆም በ1540 ጥቂት አንቀጾችን ወደ ግዕዝ መለሰ፤ ያውም ለክርክር። ሙሉው ቁርዓን በአማርኛ ታትሞ የወጣው በ1961 ዓ.ም. ነው፤ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ትእዛዝ፣ በሸይኽ ሰይድ መሐመድ ሳዲቅና በሐጂ መሐመድ ሳኒ ሐቢብ ተርጓሚነት። ይኸው ዓመት በፈረንጅ 1969 መሆኑ ነው፤ ያው "አንቀጸ አሚን" በአውሮፓ የታተመበት። ሁለቱ ዑለማ እስልምናን በእስልምና ቤት የተማሩ ናቸው፤ የተረጎሙትም ለሚያምነው ሰው እንዲያነብ እንጂ ማንንም ለመርታት አይደለም። ከ400 ዓመት በላይ የአገሩ ክርስቲያን ስለ ጎረቤቱ መጽሐፍ የሚያውቀው፣ ተከራካሪዎች ቆንጥረው የሰጡትን ያህል ነበር። አሁን ማዳበሪያ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ላይ ማንሳት ይቻላል።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ስንነግረው ስለ ቫን ዶንዜልም ስለ ገላውዴዎስም ግድ አልሰጠውም። "ሲያግዙት ምን ብለው ጠሩት ይሆን? እንባቆም ወይስ አቡል ፈትህ?" አለ፤ መልስም አልጠበቀም። ስለ ገደሉና ስለ አይጦቹ ግን ሁለት ጊዜ አስደገመን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደ ልማዳቸው ማይክ ሰጡት። ስለ ድሮ ሃይማኖቱ ይናገራል ብለው ሲጠብቁ ቅርንጫፍ ይዞ ስለተንጠለጠለው ሰውዬ፣ ስለ ነጩና ስለ ጥቁሩ አይጥ፣ ስለ ማሩ አወራላቸውና ወረደ። አንድ እናት ማልቀሳቸውን ነገረን። አዘጋጆቹ ግን ከዚያ ወዲህ አልጠሩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ቡና ይጠጣል፤ ሒሳቡንም አብዛኛውን ጊዜ እሱ ነው የሚከፍለው።